«አክስትሽ ናት» እንዳትሏት

ሰሞኑን ከጅማ አንድ ረዘም ያለ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ ፈቅዳልኝ አሳጥሬዋለሁ፣ ስሞቹንም ሁሉ አውጥቻለሁ።

«31 ዓመቴ ነው። አባታችን በ2000 ዓ.ም. ሲሞት ስድስት ልጆች ነበርን። የመጨረሻዋ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። በ2002 ዓ.ም. አጎታችን አንድ ሰው ይዞ መጣ። ልጅቷ አሜሪካ ሄዳ ትማራለች፣ 18 ዓመት ሲሞላት ትመለሳለች፣ እስከዚያ እናንተንም ይረዷችኋል ተባልን። እናቴ አልቅሳ እሺ አለች። ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ተብሎ ወረቀቱ ላይ እናታችንም እንደሞተች ተጻፈ። አጎታችን ሞግዚት ሆኖ አዲስ አበባ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ፈረመ። ከዚያ በኋላ አንድ ፎቶ ደረሰን፣ በቃ። ዘንድሮ እህቴ በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችኝ። ያደገችበት ቤት 11 ልጆች አሉት፣ 7 የወለዷቸው፣ 4 ከተለያየ አገር የወሰዷቸው። ከመስቀል በኋላ ዘጠኝ ሆነው ጅማ ሊመጡ ነው። እህቴ እናታችን የሞተች ነው የሚመስላት። መቃብሯን አሳዩኝ ብላለች። አጎቴ ‹አክስትሽ ናት ብላችሁ አስተዋውቋት፣ አለዚያ ሁላችንም እንታሰራለን› ይላል። እናቴም ‹አክስት በሉኝ፣ ብቻ አይቻት ልሙት› ትላለች። አሳዳጊ እናቷ ልጅቷ እንዴት እንዳደገች ረጅም መልእክት ጽፈውልኝ ነበር። ሳነበው ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ላድርግ? ደግሞስ 7 ልጅ ያለው ሰው የእኛን ልጅ ለምን ፈለገ?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምለው ብዙ ነው፣ ግን ጊዜ ስለሌለሽ መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ። እናትሽን አክስት ብላችሁ እንዳታስተዋውቋት። ለአንድ ቀንም ቢሆን። «እንግዶቹ ይሂዱና በኋላ ቀስ ብለን እንነግራታለን» የሚል ሰው ካለም አትስሚው።

ልጅቷ የእናቴን መቃብር አሳዩኝ ብላለች። ምን ልታሳዩዋት ነው? የሌላ ሰው መቃብር? እሷ እዚያ ተንበርክካ ስታለቅስ እናትሽ «አክስት» ሆነው አጠገቧ ሊቆሙ ነው? እስቲ በዓይነ ህሊናሽ አስቢው። እናትሽ አንዴ በወረቀት ሞተዋል። አሁን ደግሞ በቁማቸው፣ በልጃቸው ፊት ሊሞቱ ነው። «አይቻት ልሙት» ያሉት ከናፍቆት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንደ ፈቃድ አትውሰጂው። ልጇን 15 ዓመት ያላየች እናት ለማየት ስትል የማትስማማበት ነገር የለም፣ እና እንደዚህ በጭንቅ ላይ ካለ ሰው እሺታ መቀበል ያኔ አጎትሽ ይዞት የመጣው ሰው የሠራው ሥራ ነው። አንቺ አትድገሚው።

ደግሞ አይደበቅም። ጎረቤት ያውቃል። የእድር ሰው ያውቃል። ቡና ላይ አንዷ ሴትዮ «ወይኔ ልጄ፣ ቁርጥ እናቷን!» ካለች አለቀ፣ አስተርጓሚው ይተረጉመዋል። ያም ባይሆን ዛሬ አሜሪካ ያለ ወጣት ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ ልኮ ዘመዱን ማወቅ ይችላል። ያኔ የምታውቀው እናቷ በሕይወት መኖሯን ብቻ አይደለም። እጇን ይዘሽ ስታስጎበኚያት የነበርሽው አንቺ እህቷ ዋሽተሽ እንደነበርም ታውቃለች። የ2002ቱ ውሸት ያንቺ አይደለም፣ አንቺ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሽ። የዘንድሮው ግን ያንቺ ይሆናል።

አሁን ስለ እናትሽ ትንሽ ልበል። በደብዳቤሽ መሃል «እናቴ ልጇን ሸጠች የሚሉ አሉ» ብለሽ ጽፈሻል። ይሄ ነገር በጣም ከነከነኝ።

እኔ ያደግኩት አጋሮ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ልጅ አልነበራትም፣ እናቴ ቤት ደግሞ ብዙ ነበርን፣ እና ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ሰጠችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከአክስቴ ጋር ወደ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ስንመጣ ምሳ የምንበላው ወላጅ እናቴ ቤት ነበር። ሁለቱንም እማ እላቸው ነበር፣ ሁለቱም አቤት ይሉኛል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቆኝ ያስጨነቀኝ ሰው አልነበረም። ጉዲፈቻ ማለት በኛ አገር ይሄ ነው። ቃሉ ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ ወስዶ ማሳደግ ማለት። ልጁ የአዲሱ ቤት ሙሉ ልጅ ይሆናል፣ ይወርሳል፣ በዚያ አባት ስም ይጠራል፣ የወለደውንም ያውቃል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችን እንኳ ይሄንኑ ይዞታል። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም ይላል፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ሲጋጩ ግን የአሳዳጊው ይበልጣል።

አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። እዚያ ጉዲፈቻ ሲጸና በሕግ ፊት የቀድሞው ወላጅ ወላጅነት ያበቃል፣ የአሳዳጊዎቹ ስም ወላጅ ሆኖ ይመዘገባል። እናትሽ «ጉዲፈቻ» ሲባሉ የሰሙት እኔ ያደግኩበትን ዓይነት ነው። ሰውየው «18 ሲሞላት ትመለሳለች» ሲላቸው ያመኑት ለዚህ ነው፣ የሚያውቁት ጉዲፈቻ እንዲያ ስለሆነ። እነዚያ ባልና ሚስት የፈረሙት ደግሞ ለዘለዓለም ነው። በመሃል የቆመው ሰው ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ልደታ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እናትሽ ያንን ችሎት በዓይናቸው አላዩትም። ዳኛው «ነገሩ ለሁልጊዜ እንደሆነ ገብቷችኋል ወይ» ብሎ ጠይቆ ከሆነም የጠየቀው አጎትሽን ነው።

ልጄን ሰጠሁ ብለው የሚያለቅሱ እናትም እሳቸው ብቻ አይደሉም። ወደ አሜሪካ ብቻ ባለፉት ዓመታት ከ15,000 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። እህትሽ በሄደችበት ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2010፣ በአንድ ዓመት ከ2,500 በላይ ነበሩ። ነገሩ እንደዚያ ሲበዛ በወረቀት የሚሞት ወላጅም በዛ፣ የልጁ ዕድሜም ይቀየራል፣ ወንድምና እህትም ከፋይሉ ይጠፋል። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መንግሥት በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን የጉዲፈቻ ፋይል ወደ 5 አወረደው። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ጭራሽ ከለከለ። ይሄን ለእናትሽ ንገሪያቸው። አገር ሙሉ የተታለለበትን ነገር አንዲት ባሏ የሞተባት የስድስት ልጆች እናት ለብቻዋ እንዴት ታውቀው?

አሁን ወደ እንቅልፍ ወደነሳሽ መልእክት ልምጣ። አሳዳጊ እናቷ ከጻፉት ውስጥ የላክሽልኝን ቁራጭ አነበብኩ። ትንሿ በመጣች ሰሞን ዳቦ ትራስ ሥር ትደብቅ ነበር። ለብቻዋ አልጋ ሲሰጧት አልተኛም ብላ ከሁለት እህቶች መሃል ገብታ ነው የተኛችው። ለወራት ማታ ማታ ታለቅስ ነበር፣ ምን እንደምትል የሚሰማት ሰው አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ አማርኛዋ ጠፋ። ከልጆቹ አንዱ ቦታዬን ወሰደች ብሎ ለወራት አኮረፈ። ሴትየዋ ራሳቸው ስድስተኛው ወር ላይ «ተሳስተን ይሆን?» ብለው በሌሊት አልቅሰው ያውቃሉ።

አንቺን እዚህ ጋ ንዴት እንደያዘሽ ገባኝ። እኔ ግን ሳነበው እኚህን ሴት ማመን ጀመርኩ። ሰው ለማያውቀው ዘመድ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ጽፎ መላክ ይችላል፣ ፎቶና ኬክ። እሳቸው ያቃታቸውን ጻፉልሽ። ዳቦ መደበቅ ርቦት የሚያውቅ፣ ወይም ነገ የት እንደሚሄድ የማያውቅ ልጅ የሚያደርገው ነው። እዚያ ቤት ተርባ ነው ማለት አይደለም። አማርኛውም ቢሆን በአራት ዓመት ልጅ ላይ የሚናገረው ሰው ካጣ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ተከልክላ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ከሁለት እህቶች መሃል ገብታ መተኛቷን ደግሞ ልብ በይው። የት የለመደችው ይመስልሻል? ካንቺና ከእህትሽ መሃል አይደል ስትተኛ የነበረችው? በዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ቤቷን የሚመስል ነገር አግኝታለች።

7 ልጅ ያለው ሰው ለምን ተጨማሪ ፈለገ ላልሽው፣ መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወላጅ የሌለውን ልጅ መቀበል የእምነት ግዴታ ነው ተብሎ ይሰበክ ነበር። ብዙ ልጅ የለመደ ቤት ደግሞ «እኛ እንችላለን» ይላል። አንዳንዱ ቻለ። አንዳንዱ አልቻለም። ሃና ዊሊያምስ የምትባለውን ልጅ ታሪክ ሰምተሽ ይሆናል። ከኢትዮጵያ ሄዳ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ 7 ልጅ ባለው ቤት ትኖር ነበር። በ2003 ዓ.ም. ከደረሰባት በደል ሞተች፣ አሳዳጊዎቿም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። እህትሽን ከማግኘትሽ በፊት ስንት ሌሊት እሷን እያሰብሽ እንዳደርሽ እገምታለሁ። ስለዚህ የእህትሽን ኑሮ ከቤቱ ብዛት አትገምቺው፣ በጥሩም በመጥፎም። ራሷን ጠይቂያት፣ ከመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ስትቀራረቡ፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እወቂ። እነዚያ ሰዎችም ተዋሽተዋል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥተው፣ እናትም አባትም የሌላትን ልጅ ወሰድን ብለው፣ 15 ዓመት ሙሉ «እናትሽ ሞታለች» እያሉ ነው ያሳደጓት። በቅን ልብ። እውነቱን ሲሰሙ መሬት ይከዳቸዋል። የእኛን ልጅ ነጠቁን ብለሽ ከጀመርሽ ከሁለቱ ወገን አንዱን ምረጪ እያልሻት ነው። ይሄን ሸክም አትጫኚባት።

እንግዲህ እንዴት ይነገራት? ከመምጣቷ በፊት ይነገራት። ሰው ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ፣ ሻንጣውን ሳይቀበል፣ በካሜራ ፊት «እናትሽ እቺውት!» ሊባል አይገባም። እንደ መልካም ድንገቴ አትቁጠሩት። ዜናው ሲደርሳት መናደድ፣ መጮህ፣ በሯን ዘግታ ሦስት ቀን መቅረት ሊያምራት ይችላል፣ ይሄን ደግሞ በገዛ ክፍሏ ልታደርገው ይገባል። ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉልኝ ልትልም ትችላለች። ትበል።

ለማን እንደምትጽፊ አስቤበታለሁ። ለአሳዳጊ እናቷ አስቀድመሽ ንገሪ የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ለራሷ ጻፊ እላለሁ። ወደ 20 ዓመት እየተጠጋች ነው። በሷ ጉዳይ አጎት ወሰነ፣ ደላላ ወሰነ፣ ዳኛ ወሰነ፣ የሚመለከታትን ነገር ቀድማ የሰማችበት ጊዜ የለም። መልእክቱ መጀመሪያ ላይ «ከባድ ነገር ልጽፍልሽ ነው፣ ያሳደጉሽን እናት ወይ የምታምኚውን ሰው አጠገብሽ አድርገሽ አንብቢው» በያት። ያ ይበቃል።

በሚቀናሽ ቋንቋ ጻፊው። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ከዘመድ ውጪ የሆነ፣ ምስጢር የሚይዝ ሰው ይተርጉምልሽ። አጎትሽ እንዳይሆን። ያን ጊዜ በመሃል ከነበሩት ሰዎች አንዱም እንዳይሆን፣ ዛሬም በዚህ ነገር እንጀራ የሚበላ ሰው አይጠፋም። ደብዳቤው ውስጥ ማስተባበያ አታብዢ። የሆነውን በተርታ ጻፊ፦ አባቷ መቼ እንደሞተ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረና ምን እንዳልነበረ፣ ሰውየው ምን እንዳለ፣ ማን እንደፈረመ፣ እናቷ ምን ተብለው እንደተስማሙ። «እናትሽ በሕይወት አሉ» የሚለውን ከላይ አድርጊው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ አታስጠብቂያት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ሊሰጣት የማይችለውን ስጫት። የተወለደችበትን ቀን። ዶክመንቱ ላይ ያለው ዕድሜ ትክክል ካልሆነ ትክክለኛውን። ስሟን ማን እንዳወጣላት፣ ለምን። አባቷ በምን በሽታ እንደሞተ፣ በቤተሰብ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ያለበት ካለ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ሐኪም ቤት በገባች ቁጥር «በቤተሰብ እንዲህ ያለ በሽታ አለ?» ተብላ ትጠየቃለች፣ በሄደች ቁጥር «አላውቅም» ብላ ትወጣለች። 15 ዓመት ሙሉ።

እናትሽም ድምፃቸውን ይቅዱላት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ይቅርታ እንዲለምኑ አታዘጋጂያቸው፣ የሚመጣላቸውን ይበሉ። በኦሮምኛም ከሆነ የሚያባብሏት የነበረው በኦሮምኛ ይበሉ፣ በአማርኛም ከሆነ በአማርኛ። ትርጉሙን ታውቃለች ብዬ አላስብም፣ ድምፁን ግን የሆነ ቦታ ሰምታዋለች።

አጎትሽ እስር ፈርተዋል። ፍርሃታቸው ከምንም አልመጣም፣ ሐሰተኛ ማስረጃ ማሠራት በሕግ ያስጠይቃል። ግን የወንጀል ክስ ይርጋ የሚባል የጊዜ ገደብ አለው፣ የናንተ ጉዳይ ምን ላይ እንደሆነ የሚነግርሽ የሕግ ባለሙያ ነው፣ አጎትሽም እኔም አይደለንም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሂጂና ጠይቂ። እውነቱ ከወጣ ልጅቷን መልሰው ያመጧታል የሚል ሰው ካለ ግን ተዪው፣ አዋቂ ሰው ናት። እና ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የአጎትሽ ፍርሃት በእናትሽ እናትነት ሊከፈል አይገባም። ከፈለጉ ራሳቸው ይጻፉላት። ቢጽፉላት ደስ ይለኛል።

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። ዘጠኝ ፈረንጅ ሰፈር ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ቆርቆሮ የሚቀይሩልኝ፣ ልጄን የሚያሳክሙልኝ፣ ስልክ የሚገዙልኝ እያለ የሚመጣው ብዙ ነው። ከወዲሁ ለዘመድ ሁሉ ተናገሪ፣ በዚህ ጉዞ ማንም ምንም አይጠይቅም። አንቺም ጭምር። ችግራችሁን ንቄ አይደለም። ግን ልጅቷ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ከሰማች የሰማችው ፍቅር ሁሉ ዋጋ የወጣለት ይመስላታል።

ከሷ ጋር የሚመጡትን ልጆች አትርሻቸው። ከነሱ መሃል እንደ እህትሽ ከሌላ አገር የመጡ ይኖራሉ። የሷ እናት በሕይወት መገኘቷን ሲያይ ያ ልጅ ማታ ምን እንደሚያስብ ገምቺ። «የኔስ?» ነው የሚለው። ማንም ሳይነግረው። እናትሽ ሲስሙ እሱንም ይሳሙት። ወላጆቹ የወለዷቸው ደግሞ እህታችን ልትቀርብን ነው ብለው ፈርተው ነው የሚመጡት፣ ከመሃላቸው ያ አኩርፎ የነበረው ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚሟገትላት ሊሆን ይችላል። ጅሬን ወስዳችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳዩአቸው፣ ቦዬ ረግረግ ሂዱና ጉማሬ ፈልጉ። ያንን ቀን ልጆቹ ተቀላቅለው ቢስቁ የትኛውም ስብሰባ የማይሠራውን ይሠራል።

ሁሉም ዘመድ በአንድ ቀን ይምጣ የሚለውን ግን አደራ አትፍቀጂ። እኛ አገር ጠፍቶ የተገኘ ሰው ሲመጣ እንደ ልቅሶ ነው የሚለቀሰው፣ ደረት ይመታል፣ እልልታውም ለቅሶውም አንድ ላይ ይፈነዳል። እኛ ደስታ መሆኑን እናውቃለን። እሷ አታውቅም፣ ትደነግጣለች። «አመስግኚ፣ እዚህ ብትቀሪ ምን ትሆኚ ነበር» የሚል ሰውም አይጠፋም፣ እሱን ደግሞ በር ላይ መልሺው። አማርኛ ባለመቻሏ የሚስቅባትንም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እንቅልፍ ከጠገበች በኋላ። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ሆቴል ይቆዩ። ጎረቤት በማግስቱ ይጠራል። ቡናውን እናትሽ ራሳቸው ያፍሉ፣ እጃቸው የሚሠራው ነገር ካገኘ ልባቸው ይረጋል። ሳሎኑን በወንበር አትሙዪው። ለእናትሽ፣ ለእሷ፣ ላሳደጓት እናትና ላንቺ አራት በርጩማ አውጪ፣ አስተርጓሚው በሩ አጠገብ ይቀመጥ።